የዶክተር ዋቅጅራ ጥየፋ

ዶክተር ዋቅጅራ የሞቱ ጊዜ ድንኳን ውስጥ የቀረበልኝን ውሃ አልጠጣሁም። በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። ፀሐይ ላይ ተከምሮ ውሎ ለብ ያለ፣ ክዳኑ ሲከፈት የሚሸት። ለቀስተኛው አንድ ጊዜ ይጎነጫል፣ ጠርሙሱን ጨምድዶ እግሩ ሥር ይጥለዋል። የተቀመጥነው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። የአበባ ጉንጉኑ ፕላስቲክ ነው። ፎቷቸው ታትሞ የተሰቀለበት ጨርቅ ፖሊስተር ነው፤ ጠርዙ ተተርትሮ ክሩ በነፋስ ይውለበለባል። ኤጭ! ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጸየፉት የኖሩትን ነገር ሁሉ ሰብስበው ሬሳቸው ላይ ከመሩት። አጠገቤ የተቀመጠች የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ፣ “ምነው ትርሲት፣ ጠጪ እንጂ፤ ፊትሽ እኮ ጠቆረ” አለችኝ። “ቀፍፎኛል” አልኳት። ሐዘኑ የከበደኝ መስሏት ጀርባዬን ትዳብሰኝ ጀመር።

ሐዘኑማ ከብዶኛል። ግን ንዴቱም አለ።

እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። አባቴ ከሸዋ በሥራ ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርን ነው ያደግነው። ዶክተር ዋቅጅራ አለቃዬ ነበሩ። ሥራቸው ከውሃው፣ ከምግቡ፣ ከአቧራው ውስጥ ዓይን የማይለየውን የፕላስቲክ ብናኝ እየለቀሙ የምን ፕላስቲክ እንደሆነ ማወቅ ነበር። የከተማው ሰው ግን በሥራቸው አያውቃቸውም። የሚያውቃቸው በጥየፋቸው ነው። “ጥዩፉ ዶክተር” ነበር የሚላቸው። ሻይ ቤት ሲገቡ አስተናጋጁ ገና ከሩቅ አይቷቸው የፕላስቲኩን ስኳር ዕቃ ከጠረጴዛው ላይ ያነሣል። ካላነሣ ራሳቸው በሁለት ጣት ጫፉን ይዘው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ወስደው ያስቀምጡታል።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን መቼም አልረሳውም። ለአዲስ ሥራ ብዬ ዘንጬ፣ በሰው ሠራሽ ጸጉር የተቀጠለ እስከ ወገቤ የሚወርድ ሹሩባ ተሠርቼ ገባሁ። ሰውየው ሰላምታ የለ፣ እንኳን ደህና መጣሽ የለ፤ “እዚያው በሩ ላይ ቁሚ” አሉኝ። ወረንጦ ይዘው መጡና ከትከሻዬ ላይ አንዲት ክር አነሡ። ክሯን መስተዋት ላይ አጋድመው ማይክሮስኮፑ ሥር ካስገቧት በኋላ ነው፣ “ነይ፣ ኢንተላ” ያሉኝ። ኢንተላ ልጂት እንደማለት ነው። እስከ መጨረሻው በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ማይክሮስኮፑ ተራ ማይክሮስኮፕ አይደለም። የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይን በማያየው፣ ምድጃ አጠገብ ስንቆም ግን ቆዳችን በሚያውቀው ዓይነት ብርሃን። ብርሃኑ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ነገሩ የሚስማማውን እየመረጠ ይውጣል፣ የቀረውን ይለቃል። የዋጠው ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ ገባ መስመር ሆኖ ይሳላል። ጥጥ የራሱ መስመር አለው፣ ፌስታል የራሱ፣ የውሃ ጠርሙስ የራሱ። ዶክተር ዋቅጅራ የእኔን መስመር አሳዩኝ። ሌላው ነገር ሁሉ ጸጥ በሚልበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ጫፍ ብቻዋን ቀጥ ብላ ቆማለች።

“ይህችን እዪያት” አሉኝ። “የአክሪሊክ ዘር ሁሉ እዚህች ቦታ ላይ ይህችን ያወጣል። ጭንቅላትሽ ላይ የተሸከምሽው ፕላስቲክ ነው። እየተራገፈ ናሙናዬ ውስጥ ይገባል። ሂጂና ፍቺው።”

በማርያም! ቤቴ ገብቼ እያለቀስኩ ፈታሁት። እህቴ አብራኝ እየፈታች የማታውቀውን ሰውዬ ስትረግመው አመሸች። በማግስቱ ደግሞ የጠበቀኝ ጋዋን የአቡጀዲ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሚያድለው ነጭ ጋዋን ፖሊስተር አለበት ብለው ገበያ ወስደው ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉት ነው። አቡጀዲ ለሬሳ መገነዣ ካልሆነ ማን ይለብሰዋል? በኮሪደሩ ባለፍን ቁጥር የሒሳብ ክፍል ሰዎች፣ “ተነሡ እንግዲህ ሙታን፣ የሻይ ሰዓት ነው” እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔ በእፍረት ልሞት እደርሳለሁ። እሳቸው ግን በዚያ ጋዋን እጃቸውን ከፊታቸው ከፍ አድርገው ይዘው፣ ምንም ነገር እንዳይነካቸው በኮሪደሩ መሐል ለመሐል ይሄዳሉ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ “መጀመሪያ ባዶውን አሳዪኝ።” ባዶ የሚሉት ምንም ናሙና ያልነካውን፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለፈበትን ማጣሪያ ነው። ከዲዴሳ ወንዝ ያመጣሁትን ውሃ አጣርቼ ሰማያዊ ክር አገኘሁ ብዬ እየበረርኩ ስመጣ፣ ቀና ሳይሉ “ባዶውን አሳዪኝ” ይላሉ። ባዶው ላይም ሰማያዊ ክር ካለ ክሩ የወንዙ ሳይሆን የእኛው ነው፤ ከሹራባችን ወይም ከመጋረጃችን የመጣ። የሳምንት ሥራ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። “ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል” የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፎ የመጣን የማስተርስ ተማሪ ወረቀቱን በእጁ መልሰው ከበሩ ውጭ አስቁመውታል። “ይችላል ማለት ምን ማለት ነው? ሂድና ከየት እንደሆነ እወቅ!”

ደግሞ የማይክሮስኮፑ ዓይን የሚሠራው በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ያኔ እሱን የምናገኘው ከከብት አዳቃዮች ብቻ ነበር፤ እነሱ የኮርማ ዘር ያቆዩበታል። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ለእነሱም አይበቃቸውም። የሰው እጅ ለመጨበጥ የሚሸክካቸው ሰውዬ፣ እበት የረገጡ ቦት ጫማዎች መሐል ቆመው “ማሎ፣ ትንሽ ብቻ” እያሉ ሲለምኑ አይቻለሁ። ማሎ እባካችሁ ማለት ነው። ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ሲታጠቡ፣ “የእኔ ሳይንስ የቆመው በኮርማ ነው” ይሉኛል። ሳቅ የለም።

በእሳቸው የተነሣ ስንት ነገር አስጠልቶኝ ቀረ! አንድ ቀን ከወንዝ ናሙና ቀድተን ስንመለስ ዲጋ ላይ ምሳ ልንበላ አንድ ምግብ ቤት ገባን። የወለጋው ሥራ ሥር፣ አንጮቴ ቀረበ፤ በቅቤ፣ በሚጥሚጣ። አንጮቴ ሲቀርብለት ሌላ ነገር የሚያስብ የወለጋ ሰው የለም፤ እኔም ጎርሼ ጎርሼ ግማሽ አድርሼዋለሁ። ዶክተር ዋቅጅራ ግን እጃቸውን ሊታጠቡ በኩሽና በኩል እንዳለፉ ቀሩ። ጩኸት ሰምቼ ተነሣሁ። ወጥ ቤቷ ማማሰያ ይዛ ቆማለች፤ እሳቸው ደግሞ የትልቁን ብረት ድስት አፍ እያዩ ደርቀዋል። ድስቱ አፉ ላይ ጥቁር ፌስታል ተጠፍሮበታል። እንፋሎቱ ነፍቶታል፣ መሐሉ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ፌስታል ነዋ! እንፋሎቱ እንዳይወጣ ነዋ! እናቴ በኮባ ቅጠል ትከድን ነበር፤ እኔ እዚህ አስፋልት ዳር ኮባ ከየት ላምጣ?”

“ይሄን እኮ ሰው ይበላዋል!”

“ፌስታሉን ማን ይበላል? አንጮቴውን ነው እንጂ! ያ ዋቅ፣ አምላኬ፣ እጅህን ከድስቴ ላይ አንሣ ብያለሁ!”

ፌስታሉን ቀደው ይዘው ወጡ። እኔም ያላለቀውን ከነቅቤው በናሙና ብልቃጥ ይዤ ተከተልኳቸው። ላብራቶሪ ደርሰን ከሳህኔ የቀረውን አንጮቴ ስናይ፣ ልጣጭ የምታህል ነገር ከቅቤው ጋር ተለጥፋ አገኘናት። መስመሯ አላሻማም፣ የፌስታል ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ውጭ አንጮቴ አልበላሁም፤ ሰርግ ላይ እንኳ አልፋለሁ። “ይገድላል ወይ?” አልኳቸው ያን ቀን፣ አፌን እየጠረግሁ። “እሱን አላውቅም። የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም” አሉኝ። “እኔን የሚያስጸይፈኝ ሳይጠይቁን የሚያስውጡን መሆናቸው ነው።”

እንዲህ ዓይነት ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይኖራል? አይኖርም። ቀስ በቀስ ሰርግ ቀረ፣ ማኅበር ቀረ። ነገሩ በመጨረሻ የደረሰው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ቦታ ላይ ነው።

ዶክተር ዋቅጅራ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ እሑድ ቀርተው አያውቁም። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ የእነሱን ሥርዓት የማውቀው ከውጭ ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት በሚሉት ቁርባን ላይ ወይኑ በትንንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ተቀድቶ በትሪ ይቀርባል፤ ብርጭቆዎቹ በፍል ውሃ እየታጠቡ ደጋግመው ያገለግላሉ። አንድ እሑድ ዶክተር ዋቅጅራ ትሪው ፊታቸው ሲደርስ አንዷን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙና አዩ። አንዲት ብናኝ ወይኑ ላይ ተንሳፍፋለች። መልሰው አስቀመጡና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ይህ የጌታ ጽዋ አይደለም፤ ቆሻሻ ነው” አሉ። ብርጭቆዎቹን መርጠው ያስመጡት ኦቦ ገለታ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ትሪውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ዶክተር ዋቅጅራ የጌታ እራት ሲቀርብ ከወንበራቸው አይነሡም።

እንግዲህ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው ወር በወር ከጌታ እራት ከቀረ ነገር አለበት ማለት ነው። ወይ ከሰው ተጣልቷል፣ ወይ የተደበቀ ኃጢአት አለው። ስለ ብርጭቆው የተናገሩትን ማንም ከልቡ አላመናቸውም፤ ለብርጭቆ ብሎ ከጌታ እራት የሚቀር ሰው አለ እንዴ? ብርጭቆው ሰበብ ነው፤ ዋናው ነገር ሌላ ነው ተባለ። ሌላው ነገር ማን ሆኖ ተገኘ? እኔ! ከእኔ ጋር ላብራቶሪ ዘግተው ስለሚውሉ! በሩን የምንዘጋው አቧራ እንዳይገባ መሆኑን ለማን ታስረዳለህ? ቱ! ሰው አፉን ይከፍታል እንጂ ምን ቸገረው። እኔን ከእሳቸው ጋር፣ ጸጉሬን ካስፈቱኝና ከፈን ካለበሱኝ ሰውዬ ጋር! ወሬውን የነገረችኝ ልጅ እያዘነች ነገረችኝ፤ ማዘኗ ደግሞ ከወሬው ይብስ አስጠላኝ።

እኔ ተናድጄ ይወጣልኛል። የተቃጠሉት ሚስታቸው ናቸው። አዴ ለሊሴ፣ ወይዘሮ ለሊሴ እንደማለት ነው፣ በየወሩ ብቻቸውን ተነሥተው ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ብቻቸውን ተመልሰው ከተቀመጡት ባላቸው ጎን ይቀመጣሉ፤ የሰው ሁሉ ዓይን ጀርባቸው ላይ ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባላቸው ከጎናቸው ተነሥተው አብረዋቸው እንዲቀርቡ። ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ለዶክተሩ፣ “የተናገርከውን በሥራህ አረጋግጥ። ቆሻሻ ከሆነ ብርጭቆው ይቀየራል። ካልሆነ ኦቦ ገለታን ይቅርታ ጠይቀህ ትቀርባለህ” አሏቸው። እሺ አሉ። ደስም ያላቸው ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ነበሩ።

ናሙናውን ራሳቸው መውሰድ ስላልነበረባቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ገለታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ደጅ ጠበቁኝ። ሁሉም ነገር በነገርኳቸው መሠረት ነው የተሠራው። ጥቂት ብርጭቆዎች ታጥበው ከቁም ሳጥን እንደወጡ ወይን ተቀዳባቸውና በመስተዋት ብልቃጥ ውስጥ ተከደኑ። ሌሎቹ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ቆይተው፣ ሥርዓቱ ሲያልቅ ሳይጠጡ የተረፉት ናቸው። ሽማግሌው ብልቃጦቹን አስረከቡኝና፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ለንጽሕና ብዬ ነው ያስመጣኋቸው። በፊት ሁሉም ሰው በአንድ ጽዋ ነበር የሚጠጣው” አሉኝ። አሳዘኑኝ።

አጣራን። ባዶውን አየን፤ ንጹሕ ነው። ከቁም ሳጥን የወጡትን አየን፤ ዶክተር ዋቅጅራ ማጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ በማይክሮስኮፑ ሄዱበት፣ ተመልሰው ሄዱበት፤ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ከጠረጴዛው የመጡትን አስገባን። ኧረ በስመ አብ! ሐምራዊ ክር እዚህም፣ ሐምራዊ ክር እዚያም፣ ነጭም አለበት፤ ወይኑ ውስጥ የሰከረ ትል ይመስላል። የቤተ ክርስቲያን ነገር ባይሆን ኖሮ እተፋ ነበር። መስመሩ ሲወጣ ያቺ ቀጭን ጫፍ ብቻዋን ቀጥ ብላ ቆማለች። አክሪሊክ።

ቀና ብለው ጸጉሬን አዩ።

“እንዳያስቡት!” አልኳቸው። “የራሴ ነው፤ ደግሞ ጥቁር ነው።”

“ጥቁር ነው” አሉ። “ብርጭቆው አይደለም ማለት ነው። ከቁም ሳጥኑ እስከ ጠረጴዛው ድረስ የሚገባ ነገር ነው። ምንድን ነው?” ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አሰቡ። ሐምራዊ መጋረጃ አለ? የለም። የመዘምራን ልብስ? ሰማያዊ ነው። አወቅሁ ለማለት የሚደርሱ ይመስላሉ፣ ፊታቸው ይጨልማል፣ ይተዉታል።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። አዴ ለሊሴ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ላብራቶሪ መምጣታቸው ነው። ነጠላቸውን አጥብቀው፣ “እስቲ ባሌ ከምን ጋር ተዘግቶ እንደሚውል በዓይኔ ልየው ብዬ ነው” አሉና እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የአቡጀዲ ጋዋኔን አዩ፣ በአቡጀዲ ሻሽ የተጠቀለለ ጭንቅላቴን አዩ። ከዚያ፣ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። “ይቺ ናት? ያ ጎፍታ፣ ጌታ ሆይ! ተገንዛ!” እኔም ሳቅሁ። ያን ሁሉ ወር ያነደደኝ ነገር እዚያው ወጣልኝ።

“ነይ ሃዳ ቦንቱ፣ ግቢ” አሏቸው ዶክተሩ። የቦንቱ እናት ማለት ነው። ቦንቱ አንዲት ልጃቸው ነበረች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ሳትጨርስ ኩላሊቷ ታሞ፣ ተኝታ ብዙ ቆይታ ሞታለች። እኔ ሳልቀጠር በፊት ነው። ዶክተሩ ከሚስታቸው ስም ጋር ካልሆነ በቀር ስሟን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

አዴ ለሊሴ መጡና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ምስል አዩ። ክሩ እዚያ ላይ ሲታይ ገመድ ያክላል። ቀረብ አሉ። “ይሄ ሐምራዊ” አሉ ቀስ ብለው፣ “የትሪው ዳንቴል ነው። የቦንቱ ክር ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦንቱ ተኝታ ሳለ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራ ነበር፤ ከገበያ በሚገዛ የሹራብ ክር፣ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ሐምራዊ የወይን ዘለላ ያለው። ሠርታ የጨረሰችው እሱን ብቻ ነው። ስትሞት እናቷ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ የጌታ እራት ትሪ የሚሸፈነው በእሱ ነው። አዴ ለሊሴ በየወሩ ብቻቸውንም ሆነው የሚቀርቡት፣ ያን የልጃቸውን እጅ ሥራ ከቅርብ ለማየት ጭምር ነው። አባትየው ግን ያን ጨርቅ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። ማየት አይችሉም ነበር። የሰውን ሁሉ ሹራብና መጋረጃ የሚበረብር ዓይናቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ይሰበር ነበር።

ዶክተር ዋቅጅራ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። ከዚያ ምን አሉ መሰላችሁ?

“ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል።”

ጆሮዬን አላመንኩም። ይህን ያለ ተማሪ ያባረሩት እኮ እሳቸው ናቸው! እውነት ለመናገር ያን ጊዜ አስጠሉኝ። ያን ያህል ዓመት በአቡጀዲ ሲገንዙን ኖረው፣ የራስዎ ሲሆን “ይችላል”? ብዬ በሆዴ ተናገርኳቸው። አፌን ልከፍት ስል አዴ ለሊሴ ቀደሙኝ።

“አታባብለኝ፣ አባ ቦንቱ” አሉ። “እያመማት ስትሠራው አልጋዋ ዳር የነበርኩት እኔ ነኝ። ብናኙ አንሶላዋ ላይ ሲወድቅ በእጄ እየለቀምኩ ነበር። አንተ እኮ ይሄን ልብስ አውልቁ፣ ያን መጋረጃ አውርዱ ስትል የማንንም ፊት አላየህም። የእኔንም እንዳታይ። ዱጋ ከሆነ ዱጋ በል።” ዱጋ እውነት ነው።

በማግስቱ ከዳንቴሉ አንዲት ክር ይዘው መጡ። መስመሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ ስናስተኛቸው አንድ ሆኑ። ዶክተር ዋቅጅራ ውጤቱን አትመው ፈረሙ።

ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ውጤቱን የማቀርበው እኔ ስለነበርኩ ተጠርቼ ገባሁ። ዶክተሩ ግን አላስጀመሩኝም። ተነሥተው፣ “ኦቦ ገለታ፣ ብርጭቆዎ ንጹሕ ነው። በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ” አሉ። ይህን ሰውዬ ይቅርታ ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ “ታዲያ ብናኙ ከየት መጣ?” ሲሉ ዶክተሩ የፈረሙበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

“ከልጄ እጅ ነው የመጣው” አሉ አዴ ለሊሴ ከተቀመጡበት። “ዳንቴሉ ነው። ይነሣ።”

አሁን ኦቦ ገለታ ይበቀላሉ ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። “ሂንታኡ! አይሆንም! የሞተች ልጅ እጅ ሥራ ነው። እኔ እያለሁ አይነሣም። ብናኙን እንጠጣዋለን!”

“ይነሣል” አሉ ዶክተር ዋቅጅራ። “ማንንም ሳልጠይቅ ላስውጥ አልችልም።” አንገታቸውን ደፍተው፣ “ግን አንድ እሑድ ይቆይልኝ” አሉ። “ሌላው ሰው ከሌላ ትሪ ይውሰድ። የእኔ ከእሱ ሥር ይሁን።”

እሑድ አዴ ለሊሴ ነይ ስላሉኝ ሄጄ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከኋላችን የሚንሾካሾኩትን ዞሬ አፍጥጬ አየኋቸው፤ ዝም አሉ። ሰው ሁሉ ቀርቦ ከተመለሰ በኋላ ኦቦ ገለታ በዳንቴል የተሸፈነች ትንሽ ትሪ ይዘው ወደ እኛ ወንበር መጡ። ዶክተር ዋቅጅራ ተነሡ። አዴ ለሊሴም ተነሡ። ዶክተሩ ዳንቴሉን በገዛ እጃቸው ገለጡት፤ ያን የማያዩትን ጨርቅ ዘለላ በዘለላ እየዳሰሱ አዩት፣ አጥፈው ለሚስታቸው ሰጡ። ብርጭቆዋን አነሡ። እኔ እንኳ ከተቀመጥኩበት ታይታኛለች፤ ወይኑ ላይ ሐምራዊ ብናኝ ተኝታለች። እሳቸው አዩዋትና ጠጡ።

አልተቀመጡም። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ አውጥተው ባዶዋ ብርጭቆ ውስጥ ጠብታ ውሃ ጨመሩ፣ ዙሪያዋን አሽከረከሩት፣ ያንንም ጠጡ። እንደገና ጨመሩ፣ እንደገና ጠጡ። ሰዉ ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል። ከዕቃው ግድግዳ ላይ አንዲት ቅንጣት እንኳ እንድትቀርብን በማንፈልግበት ጊዜ፣ ላብራቶሪ ውስጥ እንደዚያ ነው የምናደርገው።